የተራ ሰው ተራ

የክራንች ጎማ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣውን ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሲረግጥ ጢቅ ይላል፤ ሲነሳ ደግሞ አንዳች ነገር ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ እንደሚላቀቅ ያለ ድምፅ ያሰማል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቡሬ ዘይት መጣ ተብሎ የሸማቾች ማኅበሩ በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ያን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁት። ዞር ብዬ አየሁ።

ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ ጎረምሳ ነው። የት እንደተጎዳ የጠየቀው የለም። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ፣ "ይለፍ፣ ደሙን ያፈሰሰ ልጅ ነው" አሉ። አንዱ ከኋላ፣ "እኛስ ምን ስናፈስ ኖርን? አተላ?" አለ። ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተቆጣ፤ ሦስተኛው የተቆጣውን ተቆጣው፤ ድምፁ እየወፈረ ሄደ። እኔ የዚያን ድምፅ መጨረሻ ማየት አልፈለግሁም። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ። ለምን ባዶ እጅዎን ተመለሱ ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? ይኸው ልነግርሽ ነው። ከዘይቱ ይልቅ ታሪኩ ይረዝማል፤ ቁጭ በይ።

እኔ ያደግሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ታችኛው ቆላ በሚታይበት መንደር ነው። አባቴ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ እኔ ገና ዳዴ አልልም ነበር። እናቴ እኔን ይዛ በአማቶቿ ቤት ቀረች። በዚያ ቤት አባዬ የሚባሉት አያቴ ነበሩ። ልጆቻቸውም አባዬ ይሏቸዋል፣ እናቴም አባዬ ትላቸዋለች፣ እኔም አባዬ አልኳቸው። ስሙ ባለቤት ነበረው። አፌን የፈታሁት በእሳቸው ነው፤ አንቱ ማለትንም የተማርኩት በእሳቸው ነው።

አባቴ ጦርነቱ አልቆ ሲመለስ መንደሩ በጥይት ተቀበለው። እልልታው ከላይ እስከ ታች ወንዙ ተሰማ። እኔ ከጎታው ኋላ ተደብቄ አየሁት። የአንድ እግሩ ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቤቱን የመድኃኒትና የናፍጣ ሽታ ሞላው። ታናናሽ ወንድሞቹ፣ ማለት አጎቶቼ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው፣ "ጋሼ፣ አንተ መጣህ? ጋሼ፣ አንተ በሕይወት አለህ?" እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ በዚያ ቤት ከአጎቶቼ ጋር እንደ እህት ነው ያደግሁት፤ እነሱ ያሉትን እላለሁ። ስለዚህ ተጎትቼ ወደሱ ስወሰድ፣ "ጋሼ፣ አንተ ደህና መጣህ?" አልኩት።

እናቴ ደነገጠች። "አባዬ በይው እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው" አለችኝ።

"አባዬማ እዚያ ተቀምጠዋል" ብዬ ወደ አያቴ ጠቆምኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀ። "ተዪያት፣ ጋሼም ይበቃኛል" አለ። በቃ፣ እንዲያው ቀረ። አያቴን አንቱ፣ አባቴን አንተ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለምዶት ነበር፤ ባዕድ ሰው ሲሰማው ምን ሊመስለው እንደሚችል ያሰበ የለም።

በመጀመሪያው ክረምት ማሳችንን መንደሩ በደቦ አረሰልን። የበሬው ብዛት፣ የጅራፉ ጩኸት፣ የአራሾቹ ዘፈን አይረሳኝም። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ አራሽ ስም እየጠራ ይመርቅ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት በሬው ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወሬ መጣ። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ፣ "ለአንድ እግር ስንት ጥማድ በሬ ነው የሚጠመድ?" አለ አሉ። ሌላው፣ "እሱስ እግሩን በደህና ገበያ ነው የሸጠው፤ ጡረታ ይቆረጥለታል። የኔን ጤፍ በረዶ ሲያወርደው ማን ጡረታ ቆረጠልኝ?" አለ አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በረዶው እውነት መትቷቸው ነበር። ባሏ ከዛፍ ወድቆ የሞተባት ጎረቤታችን፣ የሷን ማሳ በደቦ የሚያርስላት አጥታ ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ስትወርድ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዛፍ ለወደቀ ሰው ማንም ጥይት አይተኩስለትም።

አባቴ ወሬውን በሰማ ማግሥት ደቦው ይቅርብኝ አለ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። አረም ሲደርስ ግን በእንብርክኩ ገብቶ ያርም ነበር፤ የታጠፈች ሱሪው ጭቃውን እየጠረገች ከኋላው ትከተለዋለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እፈራው ነበር። መትቶኝ አያውቅም። የሚያስፈራኝ ጩኸት ሲሰማ የሚሆነው ነው። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጥግ ይዞ ይቀመጥና ክራንቹን ደረቱ ላይ አጋድሞ እንደ ጠመንጃ ያቅፈዋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኛን ግን አያየንም። ከሁሉ የሚብሰው የሰው ጩኸት ነበር። ወንዶች ተሰብስበው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ መንጋጋው ይቆለፋል፤ ላቡ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። እናቴ፣ "ያኔ አጠገቡ አትቁሙ" ትለን ነበር። ምን ያደርጋል ብላ እንደምትፈራ ነግራን አታውቅም። ያልተነገረ ነገር ደግሞ ከተነገረው ይልቅ ያስፈራል።

ትንሹ ወንድሜ የተወለደው አባቴ ከተመለሰ በኋላ ነው። መሄድ እንደጀመረ፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ በፈካበት ሰሞን፣ ወባ ገባ። በመጀመሪያ እናቴን ጣላት፤ ቀጥሎ ሕፃኑን። ገላው እንደ ምድጃ ድንጋይ ፈላ። አንድ ጠዋት ዓይኑ ወደ ላይ ሄዶ ነጩ ብቻ ቀረ፤ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ ከመኝታዋ መነሳት አቅቷት፣ "ውሰዱልኝ" እያለች ግድግዳውን ትቧጥጣለች።

አያቴ ጠበል ረጩትና፣ "ጠበሉም መርፌውም የእግዜር ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውሰዱት" አሉ። አባቴ በክራንች ሕፃን መያዝ አይችልም። አንቀልባው በእኔ ጀርባ ታሰረ። ልንወጣ ስንል እናቴ አባቴን ጠራችው። "ዛሬ ይሉኝታህን እቤት ትተህ ሂድ። ቅድሚያ አለህ። በልጄ ሞት አትሽኮርመም" አለችው። አባቴ ክራንቹን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። ለጦር ጉዳተኛና ለቤተሰቡ ሐኪም ቤት ሳይሰለፉ መግባት እንደተፈቀደ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጠቅሞበት አያውቅም ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ የወንድሜ ሙቀት ጀርባዬን አቃጠለኝ። ትንፋሹን አንገቴ ላይ እየሰማሁ ነበር የምሄደው፤ ድንገት ባልሰማውስ? መንገዱ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ፣ ማሽላው፣ ቢጫው አበባ ሁሉ ያልፋል፤ እኔ የማዳምጠው አንገቴን ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ዞሮ፣ "አትፍሪ፣ እኛ አንሰለፍም" አለኝ። ይህን ሲል ግን ወደ መስኮቱ ነው የሚያየው።

ከመናኸሪያው በፈረስ ጋሪ ሐኪም ቤቱ በር ደረስን። ግቢው ሞልቷል። የወባው ሰሞን ነው፤ ከየቆላው የመጣ ሰው በአጥሩ ጥግ ለጥግ ተቀምጧል። በረኪና፣ ትውከት፣ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ሌሊት መጥተው ያደሩ አሉ። ሌላው ቀርቶ ሕፃናቱ እንኳ አያለቅሱም፤ የማያለቅስ የሕፃን ብዛት እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም።

ዘበኛው የአባቴን ሱሪ አየና ብድግ አለ። "ይለፉ፣ ጋሼ። የጦር ጉዳተኛ ቅድሚያ አለው" አለ፤ በሩንም ፈቀቅ አደረገው።

ከሰልፉ መሐል ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ረጅም ሰው፣ "ዛሬም ጦርነት አለ እንዴ? ሳንሰማ ነው?" አለ።

ከእሱ ፊት ጥምጥም ያሰሩ አንድ መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ተው ልጄ፣ አትከራከር" አሉ። "እኛ ተራ ሰዎች ነን። ተራ ሰው ደግሞ ሥራው ምንድን ነው? ተራ መጠበቅ ነው።"

የደከመ ሳቅ በአጥሩ ዙሪያ ሄደ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። "እኔም ተራ ወታደር ነበርኩ፣ የኔታ" አለ፤ ድምፁ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

"ወላሂ እኔ እግሩን አልመቀኘውም" አለች አንዲት ሴት። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ክንዷ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ የተንጠለጠለች ልጅ የታቀፈች ናት። "ግን የኔም ባል ሞቷል። ለአገር አልሞተም እንጂ፤ ለበርበሬ ነው የሞተው። ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦበት። ታዲያ እናንተ ያለ በርበሬ ወጥ በልታችሁ ታውቃላችሁ? የሱ ልጅ ከምሽት ጀምሮ እዚህ ናት፤ ቅድሚያ አላት ያለ አንድም የለ።"

ማንም አልሳቀም። እሷ የተናገረችው እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑን አባቴም አወቀ። ፊቱን አየሁት፤ እንደ ሌባ ነው የሆነው። ለመግባት አንድ እርምጃ ነበር የቀረን።

ያኔ ነው ወንድሜ ጀርባዬ ላይ እንደገና የተንዘፈዘፈው። አንቀልባው ሲወጠር፣ ጭንቅላቱ ትከሻዬን ሲመታ ተሰማኝ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። "ጋሼ! ጋሼ፣ እየው፣ ዓይኑን እየው!" ብዬ ጮህኩ።

ረጅሙ ሰው ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። "ቆይ። ምን አለችው?"

"ጋሼ አለችው" አለ ሌላው።

"አንተም አለችው። በየት አገር ነው ልጅ አባቷን አንተ የምትል? ጎጃም ውስጥ?"

በዚያ ሰሞን አንዳንድ ቅድሚያ ያላቸው ሰዎች የሌላውን ልጅ የኔ ነው እያሉ ያስገባሉ የሚል ወሬ ነበር። ወሬው በሰልፉ ውስጥ ሲሮጥ አየሁት፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ እንደ እሳት በደረቅ ሣር። "የሰው ልጅ ነው ይዞ የመጣ።" "ተራ ይነግዳል።" "እኛ እዚህ ስንሞት!" የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። የደከሙ ሰዎች ናቸው፤ የታመመ ልጅ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አትፈሪያቸው የምትዪ ከሆነ ተሰልፈሽ አታውቂም ማለት ነው። አጥሩ ወደ እኛ የተጠጋ መሰለኝ።

ዘበኛው በሩን መልሶ ገጠመው። ዱላውን በመካከላችን ዘረጋና ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። "አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ተናገሪ። እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው?"

ምንሽ ናቸው? ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቃሉ ግን የለኝም። ምላሴ ያላት አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሷኑ አወጣች።

"ጋሼ ነው" አልኩ።

"ይኸው!" አለ ሰልፉ።

አባቴን አየሁት። መንጋጋው ተቆልፏል። ላቡ ከጆሮው ሥር ወረደ። ክራንቹን የያዘበት እጁ ነጣ። እናቴ አጠገቡ አትቁሙ ያለችን ሰዓት መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያ እንጨት በአየር ላይ ሲያፏጭ፣ የአንዱ ራስ ሲፈነከት፣ እኛ በድንጋይ ስንወገር ከጨፈንኩት ዓይኔ ውስጥ አየሁት።

የሰማሁት ግን ጢቅ የሚለውን ድምፅ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ፊቱን ወደ ሰልፉ ጭራ አዙሯል። "ነይ" አለኝ። "ተራ እንይዛለን።"

የሰልፉ ጭራ ከአጥሩ ውጭ፣ ከጋሪ መቆሚያውም አልፎ ነበር። እስከ ማታም አይደርሰንም። ወንድሜ ጀርባዬ ላይ መንዘፍዘፉን ትቶ ዝም ብሏል፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ መኖሩን ልለየው አልቻልኩም። አባቴ በጥይት ፊት ያልተመለሰ ሰው ነው ይባል ነበር፤ ከይሉኝታ ፊት ግን እየተመለሰ ነው። ክራንቹ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ረገጠ። ከሆዴ ውስጥ የኔ የማይመስል ድምፅ ወጣ።

"አባዬ፣ አይመለሱ! ይሞታል፣ አባዬ፣ አይመለሱ!"

አንቱ አልኩት። ቃሉ ከነአካሄዱ ነው የመጣው፤ አባዬን ያለ አንቱ ተናግሬው ስለማላውቅ።

ክራንቹ ቆመ። ሰልፉ ወደ እኔ ዞረ። ያቺ ሻሽ ያሰረችው ሴት የራሷን ልጅ ወደ አንድ ክንዷ አዛውራ ወደ እኔ መጣች። የአንቀልባውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረችና፣ "የሕፃኑን ጆሮ እዩት" አለች። "የሰውየውንም እዩት። የጎመን ቅጠል ነው እኮ። ይሄን ጆሮ ከጎረቤት ተውሶ የሚመጣ ሰው አለ?"

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። አባቴ ጆሮው ትልቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከንዴትም ከእፍረትም ቀልቶ ይበልጥ ገዝፎ ነበር። መሪጌታው፣ "ማስረጃው ተሰቅሎ ሳለ ምስክር ፍለጋ" ብለው ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ዘበኛው ዱላውን አነሳ።

አባቴ ተመልሶ መጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን አልገባም። "እሷም ትግባ" አለ፤ ወደ ሴትዮዋ በአገጩ እያሳየ።

"እሷ ደግሞ ምንዎ ናት?" አለ ዘበኛው።

"እህቴ ናት።"

ዘበኛው የአባቴን የአንገት ማተብ አየ። የሴትዮዋን ሻሽ አየ። ገና አሁን የሰው ልጅ ያስገባል ተብሎ ሊወገር የነበረ ሰው በሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ልጅ ሊያስገባ ነው። የቀረችኝ ትንሽ ነፍስ እዚያው ወጣች፤ አሁን በቃ፣ አሁን ይገድሉናል አልኩ።

"በየት በኩል ነው የምትዘመድዎ?" አለ ዘበኛው።

አባቴ አሰበና፣ "በበርበሬ በኩል" አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ያ ረጅሙ ሰው ነው። "እንዲያ ከሆነማ እኔም ወንድምህ ነኝ፤ በሽንኩርት በኩል። ከቆጋ የሽንኩርት ማሳ ነው የመጣሁ" አለ። ሰልፉ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ምሬቱ አልጠፋም ነበር፤ ምሬቱ ግን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠን። አንዲት አሮጊት፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ሐሳባችሁን እንዳንቀይር" አሉ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ሲያልፈኝ ሙሉ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የመስኮቱ ብርሃን በዚያ ላይ ሲያርፍ የሰው ሁሉ ፊት የበሽተኛ ይመስላል። ወንድሜን ከጀርባዬ ሲያወርዱት ጀርባዬ ባዶ ሆነ፤ ያ ባዶነት አስፈራኝ። ነርሷ ክንዱን፣ እጁን፣ እግሩን ደም ሥር ፍለጋ ታገላብጣለች። መርፌው ገባ፤ አላለቀሰም። ሌላ ገባ፤ አላለቀሰም። አባቴ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ክራንቹን ደረቱ ላይ እንደ ጠመንጃ አቅፎ ቆሟል። ዓይኑ ክፍት ነው። የት እንዳለ አላውቅም፤ እኛ ጋ ግን አልነበረም።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ የበርበሬዋ ሴት ልጇን አስተኝታ የልጅቷን እግር ታሻለች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "እውነት አባትሽ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ደንግጬ አየኋት። "ጆሮውን አየሁ ብለሽ የለ?"

"ኧረ ለኔስ የሁሉም ሕፃን ጆሮ አንድ ነው" አለች። "አጯጯህሽ ነው ያሳዘነኝ።"

እሷም ዋሽታልን ነበር ማለት ነው። እሷ ሳታምን እውነቱን ለኛ መሰከረች፤ እሱ ደግሞ እያወቀ ለእሷ ዋሸላት። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ወንድሜ አለቀሰ። የሕፃን ለቅሶ እንዲህ ሲያስደስት አይተሽ ታውቂያለሽ? አባቴ ክራንቹን ከደረቱ ላይ አወረደና መሬት አስነካው። መጀመሪያ ወንድሜን፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከየትም ይሁን ከየት ተመልሶ መጣ።

በማግሥቱ ስንወጣ የሴትዮዋ ልጅ ግሉኮስ እንደተሰካላት ተኝታ ነበር። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ራሷን ደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል፤ አልቀሰቀስናትም። ልጅቷ ትዳን አትዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁንም ቡሬ ገበያ በርበሬ ስገዛ የሻጮቹን ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፤ ያቺ ልጅ አድጋ ከእነሱ አንዷ ትሆናለች እያልኩ።

ከሚኒባሱ ወርደን ወደ መንደራችን የሚወስደውን መንገድ በእግር ያዝን። ፀሐይ ዘንበል ብላለች፤ የጠል ሽታ ከሣሩ መነሳት ጀምሯል። ወንድሜ ጀርባዬ ላይ ቸብ ቸብ ያደርገኛል። አባቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሄዳል፤ አፈሩ ላይ ክራንቹ ድምፅ የለውም።

"ትናንት አንቱ አልሽኝ" አለ፣ ሳይዞር።

አንቀልባውን ከፍ አድርጌ አስተካከልኩ።

"ያረጀሁ መሰለኝ እኮ" ብሎ ሳቅ አለ። ከዚያ ጥቂት ሄደና፣ ይህንንም ሳይዞር፣ "ለተራው ብለሽ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

አይደለም ልለው ፈለግሁ። ግን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰለሽ፤ በዚያች ደቂቃ የጠራሁት ማንን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም። ሰው ሲፈራ የሚጠራው የለመደውን ነው። ምናልባት የጠራሁት ቤት የቀሩትን አያቴን ነበር። ምናልባት እሱን። ልጅ ነኝ፤ ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳው? መልሱን ስፈልግ መንገዱ ረዘመ፤ ዝምታዬም ረዘመ፤ እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ተቀበለው።

"ደግ አደረግሽ" አለ። "በሩ የሚከፈተው በዚያ ስም ነበር። እቤት ስንገባ ግን እንደ ድሮሽ ጋሼ በይኝ፤ ሽማግሌው ሰምተው እንዳይከፋቸው።"

እንደ ድሮዬ አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ሕመሙ ድረስ ጋሼ እንዳልኩት ነው ያረፈው። አያቴ ከሞቱ በኋላ ስሙ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ እንኳ ባነሳው፣ ሐኪም ቤት በር ላይ የቆምኩ፣ ከእሱ አንድ ነገር ለማግኘት የምጠራው ይመስለው ይሆን እያልኩ ፈራሁ።

በዚያ ምሽት ግን፣ የመንደራችን ጭስ ከታች መታየት ሲጀምር፣ አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ከኋላው እየሄድኩ፣ የታጠፈች ሱሪውን ነፋስ ሲያርገበግባት እያየሁ፣ "አባዬ" አልኩ፤ በከንፈሬ ብቻ፣ ያለ ድምፅ።

ቆመና ዞረ። "ምን አልሽ?" አለኝ።

"ምንም፣ ጋሼ" አልኩት።